ለአባባ የመረጥከው ኮምፒውተር

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታውን አንተው ሙላበት፤ እኔ ዛሬ ለሰላምታ የሚተርፍ ትዕግሥት የለኝም። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ገና አፌን ሳልከፍት «አጥፍተሽ አብሪው» ትለኛለህ። ወረቀት ግን ጠፍቶ አይበራም፤ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ያን ኮምፒውተር ስትመርጥ አብሬህ ነበርኩ። ቅዳሜን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ቆመን ዋልን። ሻጩ «ለማን ነው?» ሲልህ «ለአባቴ፣ ፊልም እንዲያይበት» አልክ፤ ከዚያ በኋላ ግን አባባን አንዴም አላነሳኸውም። ማራገቢያው እንዳይጮህ፣ ስድስት ስፒከር እንዲችል፣ ሺህ ፊልም እንዲይዝ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ልክክ እንዲል ተጨነቅክ። «ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው እንዴት አድርጎ ይከፍተዋል?» ብልህ «ቀላል ነው» አልከኝ። ሳሎኑን በገመድ አጥረህ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራህ ከተማ ተሳፈርክ።

ቀላሉን ልንገርህ። ቴሌቪዥኑ በአንድ ሪሞት ይበራል፣ ስፒከሩ በሌላ፣ ኮምፒውተሩ በኪቦርድ። ይለፍ ቃሉ አሥራ አራት ፊደል ነው። አባባ ማውዟን የሶፋው ክንድ ላይ እየፈተገ ቀስቷ የት እንደገባች ይፈልጋል። እኔ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ፤ ሰው አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ስልኬ ይጮኻል። «ልጄ፣ ሥዕሉ አለ፣ ድምፁ የለም።» በማግስቱ ደግሞ «ድምፁ መጣ፣ ሥዕሉ ሄደ።» ሐኪሟ «ዛሬስ አባትሽ የትኛው ጎደላቸው?» ማለት ጀምራለች።

ይኼም ይሁን። ያንገበገበኝ ያለፈው ሳምንት እሑድ ነው። አባባ የሲኒማ ቤት ባልደረቦቹን ጠራ፤ ትኬት ቆራጩንና፣ በጨለማ ባትሪ እያበራች ሰውን ወደ ወንበሩ ትመራ የነበረችውን እትዬ ባትሪን። ሠላሳ አራት ዓመት የፊልም ማሽን ያንቀሳቀሰ ሰው ነው እንግዲህ፤ ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ ጠበቃቸው። ፊልሙ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ የቴሌቪዥኑ መስኮት ሰማያዊ ሆነ። «አፕዴት በማድረግ ላይ፤ ኮምፒውተሩን አያጥፉ።» አሥር በመቶ። አሥራ አንድ በመቶ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አራታችን ቁጥር አየን። ትኬት ቆራጩ ሊያስቀው ብሎ «ድሮ ቢሆን ሕዝቡ ያፏጭብን ነበር» አለ። አባባ አልሳቀም።

«በእኔ እጅ ፊልም ተቋርጦ አያውቅም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማሽኑ ላይ የጠረጴዛ ልብስ ጣለበት። አራት ቀን ሳሎን አልገባም። ደወልኩልህ። «ራም ይጨመርለት» አልከኝ። ስልኩን ከግድግዳ ጋር እንዳላላትመው ምን ያህል እንደታገልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ጨርቁን ገፈፍኩና አባባን እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። «ድሮ ፊልም ከማስጀመርህ በፊት ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት። ኮስተር ብሎ አሰበ።

«ሰው ሳይገባ ሁሉን እሞክራለሁ። ማሽኑ አጠገብ ደግሞ የማልሠራበት ዕቃ አይቀመጥም።»

እንግዲያው የማይሠራበትን አወጣን። ይለፍ ቃልህን አጠፋሁት። አፕዴቱ ሰኞ ጠዋት ብቻ እንዲሆን አደረግኩ። ከስድስቱ ስፒከሮች አራቱ ቁም ሣጥን ገቡ፣ ኪቦርዱም ተከተላቸው። አምስት ቁልፍ ያላት አንዲት ሪሞት ገዛሁ፤ አባባ ሲነካት ፊልሞቹ ብቻ በትልልቅ ሥዕል ይደረደራሉ። አሥራ አንድ ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፤ ቆጥሬያለሁ። «አሁን ማሽን ሆነ» አለ።

ትናንት እንግዶቹ ተመለሱ። ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመረላቸው። እትዬ ባትሪ «አረፍ በል እንጂ!» ብትለው «ደህና ነኝ» አለ። ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ፣ ከሶፋው ጀርባ ቆሞ ቆየ። ሁላችንም በአንድ ላይ ስንስቅ ዞር ብዬ አየሁት፤ ፊልሙን አልነበረም የሚያየው። እኛን ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ማሽን ልትልክ እንዳሰብክ ሰምቻለሁ። በሞቴ፣ አትላክ! ሲደውልልህ ደግሞ «መስኮቱ ላይ ምን ይላል?» እያልክ አታድርቀው። «እነማን መጡ? የቱ ጋ ሳቁ?» ብለህ ጠይቀው። እሱን ሲያወራ ይመሽበታል።

እየወደደችህ የተናደደችብህ፣
እህትህ