ፍሪጁ፣ ቀረጡና እማሆይ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት

አራት ጋቢ አጠብን። አጠብሁ ማለቴ ነው፤ ባሌ ይበልጣል የሚደርሰው ለመጭመቁ ብቻ ነው። እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። ሦስተኛው ላይ የቀኝ አንጓዬ ቀጭ አለ። ጋቢውን ጥሎ ሮጠ፣ ቅባት አመጣ፣ አሸልኝ። የሒሳብ መምህር ነው፤ ሲያሽ ግን ሐኪም ይመስላል። ደግሞም እናቱ እማሆይ በሰንበት ጋቢ ስንጨምቅ ቢያዩን ጉዳችን ነበር። ደግነቱ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ናቸው፤ ከመነኮሱ ወዲህ ከዚያ አይወጡም።

አንቺ ደብተር፣ ከዛሬ ጀምሮ ባሌን ይ. እያልሁ ነው የምጽፈው። እጄን ያመኛል።

ቢሮ ወሬው አንድ ነው። ከውጭ በሚገባ የቤት ዕቃ ላይ ቀረጥ ሊጨመር ነው ተብሏል። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ሁሉም ሰምቷል። አጠገቤ የምትቀመጠው ትዕግስት ቴሌቪዥን ገዛች። ያላት ቴሌቪዥን ደህና ነው! ኋላ ከምጸጸት አለች።

እኛም ለአንድ ትልቅ ዕቃ የሚሆን አስቀምጠናል። ለአንድ ብቻ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው አልሁ፣ ያበጠ እጄን አሳየሁት። ልክ ነሽ አለ። ቆየና ደግሞ፣ ፍሪጅ ቢሆንስ አለ።

ፍሪጅ! ልጃችን ለትምህርት ጎንደር ከሄደች ወዲህ ሁለት ሰው ነን። የሠራሁት ወጥ ለማግስቱ አይተርፍም። ምን ልናቀዘቅዝበት ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ማታ

ከሥራ በኋላ ሱቅ ሄድን፤ ለማየት ብቻ። ሻጩ ምላሱ ቅቤ ነው። ይህ የቀድሞ ዕቃ ነው፣ የሚቀጥለው ሲመጣ በዚህ ዋጋ በሕልማችሁም አታገኙትም ይላል። እኔ የማጠቢያ ማሽኑን ቁልፎች አንድ በአንድ ጫንሁ። ዞር ስል ይ. የለም። አንድ ትንሽ ፍሪጅ ፊት ቁጢጥ ብሎ ጭንቅላቱን ከትቷል። መብራት ከጠፋ እስከ መቼ ቅዝቃዜ ይይዛል? በሩ ላይ ያለው መደርደሪያ ለመድኃኒት ይሆናል?

መድኃኒት ሲል ሰማሁት።

በሐይቁ ዳር በእግር ተመለስን። አልጠየቅሁትም። ይ. ሲጠየቅ ይዘጋል፤ ዝም ሲሉት ነው የሚናገር። ዋርካው ጋ ስንደርስ ተናገረ። እማሆይ ስኳር አለባቸው፣ መርፌውን ራሳቸው ይወጋሉ። ቤታቸው መብራት የለውምና ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጡት እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ማሰሮ ነው፤ ጤና ጣቢያ እንዲያ አስተምሯቸው። ባለፈው በጋ ሙቀቱ ሳያበላሸው አልቀረም፣ ታመው ከረሙ። እኛ ስኳር የሌለው ብስኩት ይዘን ሄደን፣ እግዜር ይማርዎ ብለን ተመለስን። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው፣ ፍሪጅ ቢኖር እኛ ጋ ለመኖር እሺ ይሉ ይሆናል ብሎ ሲያስብ መክረሙን ነው።

ቀረጥ ባይመጣ ኖሮ ባሌ እናቱ እንደናፈቁት ሳልሰማ ላረጅ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ጠይቃቸዋ፣ አልሁት። አይሆንም አለ። ልጅ እናቱን ቤተ ክርስቲያንሽን ትተሽ ነይ አይልም። ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው ነው የመነኮሱት። እኔ ልጠይቃቸው? እሱ ደግሞ ይባስ፤ ምራት ስትጠይቅ ሠራተኛ አጥታ ነው ይባላል። ማን ነው የሚለው? ሰው። የትኛው ሰው?

እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽ። እወዳቸዋለሁ፤ እፈራቸዋለሁም። ሳይመነኩሱ ሲመጡ ሽሮዬ ይቀጥን፣ ነጠላዬ ያጥር ነበር። የሚሉኝ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ዝም ብለው ማየታቸው ነው። ከማክሰኞ በኋላም ማጠቢያ ማሽን ስለው የነበረ እጄን ብቻ አስቤ እንዳልሆነ ዛሬ ቅዳሴ ላይ ገባኝ። አፈርሁ።

ሽማግሌ እንላክ አልሁ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሰንበት እዚሁ ባሕር ዳር ናቸው፤ እሳቸው ቢሉ ይሰማሉ። ይ. ፊቱ በራ። ከተጋባን እንዲህ ብልህ ሆኜ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አባ እሺ አሉ። ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው መጣ። ግን ለብቻዬ አልሄድም፣ እንዲህ ያለ ነገር በሦስት ሽማግሌ ነው የሚያምር አሉ። ሁለት የማኅበር ሰዎች አስከትለው ነገ ይሻገራሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ ሐሙስ በማለዳ ከጸሎት መልስ ደጃቸው ይደርሳሉ።

ሦስት ሽማግሌ፣ በማለዳ። እንዴት ያለ ክብር ነው አልሁ። የልጃገረድ ጋብቻ መሰለ ብሎ ይ. ሳቀ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ረፋድ፣ ይ. ት/ቤት በር ላይ



ከሥር ከሥሩ ልጻፍ። አባ ደወሉ። ከኋላቸው ዋይታ ይሰማል። እማሆይ በራቸውን ሲከፍቱ ሦስት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች በጭጋጉ ቆመው አዩ። ማንም ሳይነግራቸው፣ በማለዳ። እንዲያ የሚመጣ መርዶ ብቻ ነው፤ ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብነውም። አባ አፋቸውን ሳይከፍቱ ልጄን! አሉና መሬት ላይ ወደቁ። ጎረቤት ወጣ፣ ጎረቤትም አለቀሰ። አባ ደህና ነው፣ በሕይወት አለ ቢሉ ማን ይስማቸው፤ መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ እንደዚያ እያለ አይደል የሚያባብል።

ለይ. ደወሉ። ክፍል ነው፣ ስልኩን ዘግቷል። ይባስ መርዶው ቁርጥ ሆነ።

በባጃጅ በረርሁ። ከክፍል ጎትቼ አወጣሁት፤ ጠመኔው እጁ ላይ ነው፣ ተማሪዎቹ በመስኮት። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍሁት። እማሆይ፣ እኔ ነኝ አላቸው። እሳቸው ግን፣ ይህ የልጄ ድምፅ አይደለም፣ አስመሳይ አምጥታችሁብኝ ነው፣ አሉ። ደንግጦ ድምፁ ስለተዘጋ ነው። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብለው ወደ ጀልባው ሄዱ።

አሁን ወደ ወደቡ ልንሄድ ነው። እግዚአብሔር ሆይ።

ያው ቀን። ማታ

መጡ። ጀልባዋ ሳትታሰር ተነሡ፤ ይ. ውኃ ውስጥ ገብቶ ደገፋቸው። ቆባቸው ላይ አፈር አለ። ፊቱን ዳሰሱ፣ ጆሮውን ያዙ፣ ራሱን አገላብጠው አዩት፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እንደ ሕፃን ቆመላቸው። ከዚያ በበትራቸው ትከሻውን መቱት። ሁለቴ። ከዚያ አቀፉት። ወደቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። እኔ ሁለቱንም አቅፌ አለቀስሁ። ለካ ትከሻቸው ይህን ያህል ቀጭን ነው።

መድኃኒታቸውን ሳይዙ ነው የወጡት። ከፋርማሲ ገዛን። ማስቀመጫ የለንም። የትዕግስት ቤት ቅርብ ነው፣ ፍሪጇ ውስጥ አስገባነው፤ መርፌ በደረሰ ቁጥር ይ. እየሮጠ ያመጣል። ትዕግስት አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ስለ ቀረጥም። እግዜር ይስጣት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

የማርያም ዕለት። ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመለሱ። አባን አላናገሩም፣ ተቀይመዋል። አባ ደጅ ቆመው ይፍቱኝ ይላሉ፤ ንስሐ አባት የንስሐ ልጃቸውን ይፍቱኝ ሲሉ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ቤት እንደገባን እማሆይ ይ.ን ፊታቸው አስቀመጡ። ሽማግሌ የላክኸው ለምን ነበር? ይ. ስለ ቀረጥ ጀመረ። ስለ ኢንሱሊን። መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜ ስለሚይዝ ፍሪጅ። በሩ ላይ ስላለው መደርደሪያ። ያብራራል፣ ጥቁር ሰሌዳ ነው የጎደለው። ሰሙት፣ ሰሙት፣

«ለፍሪጅ ብላችሁ ነው አንጀቴን ያቃጠላችሁት?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ቆባቸውን ይዘው። ከዚያ ሳቁ ቆመና ነገሩን ራሳቸው ተናገሩ። መሬት ላይ ወድቀው ሳለ የቆጫቸው አንድ ነገር ነበር፤ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው እህል ውኃ ከቀመሱ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው አላስታወሱም። ለነፍሴ ብዬ ነው የሄድሁት፣ ግን ማንም ደግሞ ነይ ያለኝ የለም አሉ። በመጣችሁ ቁጥር እቃዬን አይታችሁ፣ መድኃኒቴን አይታችሁ ትሄዳላችሁ።

ሽማግሌ አያስፈልግም፤ አንተ በአፍህ ጠይቀኝ አሉት።

ይ. ጎንበስ አለ። ከመነኮሱ ወዲህ እማሆይ፣ እርስዎ ነው የሚላቸው።

«እማዬ፣ ነይ» አለ።

እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያ መቆም አልቻልሁም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ዛሬ ተሻገሩ። መልሳቸው እሺም እምቢም አይደለም። የራሴ ሰው አይደለሁም፣ እመ ምኔቷን ሳላስፈቅድ፣ ጾመ ጽጌን ሳልፈጽም አልወስንም አሉ። ቁስቋምን ውዬ መልሴን እልካለሁ። መድኃኒቱን በበረዶ ጠቅልለን ሰጠናቸው።

ትናንት እጄን አዩብኝ። ያልነገርኋቸውን አንጓ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አሹልኝ፣ በግዕዝ ደገሙበት፤ ሲደግሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አፍንጫቸው የይ. አፍንጫ ነው፤ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ልጅ እያለሁ የሞተችብኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። ይምጡልን እማሆይ፣ እኔም እፈልጋለሁ አልኋቸው። ሳልፈራ ነው ያልኋቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ሰምቻለሁ አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ወሬ የለም። አባ (ታረቁ፣ ተመስገን) እመ ምኔቷ ገና አልመለሱላቸውም ይላሉ።

ሱቁ ጋ አለፍሁ። ማጠቢያ ማሽኖቹ አልቀዋል። ደብተር፣ ትንሽ ደነገጥሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። እጄ ደንግጦ ይሆናል። ከትንንሾቹ ፍሪጆች ሁለት ቀርተዋል።

ይ. አሁን እንጠብቅ ባይ ሆኗል። ካልመጡ ምን እናደርግበታለን ይላል። ከመጡ በኋላ በአዲሱ ዋጋ ከየት እናመጣለን እላለሁ። እሱም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ

ነገ ቁስቋም። አሁንም ወሬ የለም። ጠዋት ሻጩ ደወለ፤ አንድ ብቻ ቀርቷል፣ ሰኞ የሚገባው በአዲሱ ቀረጥ ነው አለ። ሻጭ የሚለውን ሁሉ አላምንም። ግን ትዕግስትም በሬዲዮ ሰማሁ አለች።

ይ.ን ደወልሁለት። እንተወው አለ። ባይመጡ ያን ባዶ ፍሪጅ በየቀኑ ማየት አልችልም አለ። እንዲህ ብሎ ተናግሮኝ አያውቅም።

እኔ ግን ወስኜ ነው የደወልሁት። እንገዛዋለን አልሁት። ቢመጡ ቤት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ባይመጡ በጀልባ ጭነን እናሻግርላቸዋለን፤ መንደሩ ላይ መብራት ያለው ቤት አይጠፋም፣ ካህናቱም ይተባበሩናል። መምጣታቸውን የምንገዛበት አይደለም። ለመድኃኒታቸው ነው።

ፍሪጅ በጀልባ? አለ። ፍሪጅ በጀልባ፣ አልሁት። ሳቀ፤ ከሳቁ ጋር አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። ከትምህርት ስወጣ ሱቁ በር ላይ እንገናኝ አለ።

ወዲያው ለሻጩ ደወልሁ፤ እንዳትሸጠው፣ ማታ እንከፍላለን ብዬ። ስም መዘገበ። ከዚያ፣ ዕቃውን የት እናድርስላችሁ አለኝ።

ገና አልታወቀም፣ አልሁት። እናታችን ያሉበት።