አረንጓዴ ስለለበሰው መስተዋትና ከተንሳፋፊው ጋር ታስረው ስለቀሩት አባቴ

ለሰላጤው ውኃ ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ታጁራ

ቀን፦ እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 2023

አመልካች፦ መዲና ሎይታ፣ በጽሕፈት ቤቱ የውኃ ናሙና ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ አባቴ የመለኪያውን መስተዋት አንድ ጊዜ እንዲወለውሉ፣ ይህ ካልተቻለም በሌላ መንገድ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ከወደቡ ጫፍ ፊት ለፊት ያለው ተንሳፋፊ መለኪያ በባሕሩ ውስጥ ያለውን ክሎሮፊል የተባለ የዕፅዋት አረንጓዴ ቀለም እየለካ ቁጥሩን ለቢሮአችን ይልካል። መሣሪያው ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል፤ በዓይን የማይታዩት የባሕር ዕፅዋት በቀይ ፍካት ይመልሱለታል። ፍካቱ ከልክ ካለፈ ባሕሩ ታሟል ተብሎ ሰላጤው ይዘጋል። ባለፈው ወር ፍካቱ ከልክ አለፈ። ሰላጤው ተዘጋ።

2. ባሕሩ ግን አልታመመም። በመለኪያው መስተዋት ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል፤ መሣሪያው የሚያየው የገዛ ፊቱን ነው። ይህን ያወቅሁት ከአባቴ ነው። የተንሳፋፊው ጠባቂ አባቴ አቶ ሎይታ ጉራ ትእዛዙ ሲወጣ ጀልባቸውን ከተንሳፋፊው ጋር አስረው ነበር፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። በደንቡ መሠረት በተዘጋ ውኃ ላይ የተገኘ ጀልባ ካለበት አይነቃነቅም፤ ጥሎት የወጣም ጀልባው ይወረስበታል። አባቴ ከጀልባቸው ሌላ ያላቸው እኔን ብቻ ነው።

3. መስተዋቱ ከአባቴ እጅ አይርቅም። ሽርጣቸውን ነክረው አንድ ጊዜ ቢያሹት ይበቃዋል። ነገር ግን መስተዋቱን መንካት የሚፈቀድለት የጥገና ባለሙያው ብቻ ነው። ባለሙያው የሚሄደው በጀልባ ነው። ጀልባ የሚነሣው ሰላጤው ሲከፈት ነው። ሰላጤው የሚከፈተው መስተዋቱ ሲጸዳ ነው። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ከላይ ጀምሬ ደጋግሜ አነበብኩት። ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አላገኘሁም። ምናልባት የለበትም ይሆናል።

4. መዋኘት ስላልተከለከለ ቂጣና ቴምር በጄሪካን አድርጌ እየዋኘሁ አደርስላቸዋለሁ። ስመለስም ውኃ በጠርሙስ ቀድቼ እመጣለሁ። ውኃውን አጣርቼ፣ ማጣሪያውን ከብርሃን ሸፍኜ፣ ቀለሙን በአሴቶን አውጥቼ ለካሁት። ጤነኛ ነው። ውጤቱን የሚመዘግብልኝ አላገኘሁም፤ ናሙና የሚወሰደው ከጀልባ ላይ ነውና።

5. በእኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲገናኝ ዳጉ የምንለውን ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ያየውን ያየውን፣ የሰማውን የሰማውን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። የቢሮአችን ተረኛ አቶ አምባዶም በየማለዳው ወደቡ ጫፍ ላይ ቆመው ይጣራሉ፦

«አባ ሎይታ! እንዴት አደሩ? ምን አዩ? ምን ሰሙ?»

«መስተዋቱን አየሁ። ጢም አብቅሏል። ባሕሩ ደኅና ነው። አንተስ ምን ሰማህ?»

«ባሕሩ ታሟል ሲባል ሰማሁ።»

«ማን አለ?»

«መስተዋቱ።»

«አንተ አምባዶ! እናትህ እኮ እንዲህ አልነበረችም!»

አቶ አምባዶ የሰሙትን በታማኝነት ያደርሳሉ። ገበያው ያውቃል፤ በራንዳ ተራሮች ላይ ያሉት የግመል እረኞች እንኳ መስተዋቱ መቆሸሹን ያውቃሉ። የማያውቀው ቢሮው ነው። ለምን እንደማይነግሩት ስጠይቃቸው አዘኑልኝ። «መዲናዬ፣ አባትሽ ዋሹ ያለ አለ? እውነት ነው። ግን ቢሮ የሚሰማው መሣሪያው ሲናገር ነው፤ እኔ ምን ላድርግልሽ?» አሉኝ።

6. ትናንት ዋኝቼ ስደርስ አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ይሉ ነበር፤ ተንሳፋፊውን። ከዚያ መልሱን ጠበቁ። እኔም የጀልባውን ገመድ ይዤ፣ ሳልጠራቸው፣ አብሬ ጠበቅሁ። ለምን እንደጠበቅሁ ልገልጽ አልችልም። እግራቸው አብጧል። ቴምሩን ሳይበሉት ለዓሣ በትነውታል።

7. ስለዚህ አባቴ መስተዋቱን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወለውሉ እንዲፈቀድላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

8. ይህ የማይቻል ከሆነ፦ ከተንሳፋፊው ጋር የታሰረ ዕቃ ሁሉ የመሣሪያው አካል እንደሆነ፣ ሲበላሽም ሰላጤው ተዘግቶ ሳለ እንኳ በገመድ ተስቦ ለጥገና ወደ ዳር እንደሚወጣ በደንቡ ላይ አንብቤአለሁ። መለኪያው አልተበላሸም፤ ሳያቋርጥ ቁጥር እየላከ ነው። አባቴ ግን እየተበላሹ ነው። ስለሆነም እሳቸውና ጀልባቸው በመሣሪያው አካልነት ተመዝግበው ለጥገና እንዲወጡልኝ አመለክታለሁ። ተመዝጋቢው አባቴም ሐሳባቸውን ተጠይቀው፣ «ሰው ሆኜ ካልገባሁ ዕቃ ሆኜም ቢሆን ልግባ። ብቻ አሮጌ ብለሽ እንዳታስጽፊኝ» ብለዋል።

አሮጌ አላልኩም። «አገልግሎት በመስጠት ላይ ያለ፣ በጥንቃቄ የሚያዝ» ብዬ ቅጹን ሞልቻለሁ። ገመድ አዘጋጅቻለሁ፤ የሚስቡ ሰዎችም ወደቡ ላይ ቆመው መልስዎን እየጠበቁ ነው።

የሚገባዎትን አክብሮትና ሰላምታ በማቅረብ፣

(ፊርማ)
መዲና ሎይታ ጉራ