የእማ የመጨረሻ ቀንና የመንደራችን ተራራ

ለውድ ወንድሜ ለቡዲማን፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የዶሃው ሙቀት በረደልህ ወይስ አሁንም ከብረቱ ጋር አብረህ ትቀልጣለህ? ሲያምህ የነበረው ወገብህስ ተሻለህ? አባም፣ እኔም፣ ትንሿ ልጄ ፕሬሚላም በሕይወት አለን፤ ናፍቆትህ ግን በርትቶብናል።

ይህን የምጽፍልህ በስልክ ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው። እያለቀስክ ስትጠይቀኝ «እማ ወዲያው ነው ያረፈችው፣ አልተሰቃየችም» ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። አሠሪህ አልለቅም ብሎህ እዚያ ቀርተህ፣ እውነቱን ብትሰማ ምን ትሆናለህ ብዬ ፈርቼ ነው።

ያን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እኔና አባ ድንች ማሳው ውስጥ ነበርን። መጀመሪያ ከምድር ሥር እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ማሳው እንደ ውሃ ተናወጠ። ተንበርክኬ አፈሩን ጨበጥኩ፤ ምን ይጨበጣል! ቀና ስል መንደሩ የለም፣ አቧራ ብቻ። እማ በቆሎ ልታወርድ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ወጥታ ነበር። ከድንጋዩና ከጭቃው ክምር ሥር ድምፅዋን ሰማን። በዶማም በእጃችንም ቆፈርን፤ ምድር በተንቀጠቀጠች ቁጥር የቆፈርነው ተመልሶ ይናዳል። እሷ ታዲያ አባን ትሳደብ ነበር፦ «አንተ ሽማግሌ፣ ቀስ በል! ሠላሳ ዓመት አቃጥለኸኝ አልበቃህም፣ አሁን ደግሞ በዶማ ልትጨርሰኝ ነው?» አባ እያለቀሰ ሳቀ። አመሻሹ ላይ ድምፅዋ ሲደክም፣ «ሱንማያ፣ አደራ፣ ቡዲማን ‹እዚያ ብኖር ኖሮ› እያለ ራሱን እንዳይበላ ንገሪው» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። አደራዋን ዘግይቼ አደረስኩልህ፤ ይቅር በለኝ።

ከወር በኋላ የመሬትን ነገር የምታጠና ሻርሚላ የምትባል ሴት ከከተማ መጣች። አባ «ምን በደልናት ምድሪቱን?» ብሎ በቁጣ ጠየቃት። አጠገቡ ቁጭ ብላ አስረዳችው፤ የደቡቡ ምድር በእኛ ሥር እየገባ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይገፋናል፤ ተጣብቆ ሲቆይ ግፊቱ ይጠራቀማል፤ ሲለቀቅ እንዲህ ያናውጠናል። ተራሮቻችንንም ወደ ላይ ያቆማቸው ይኸው ግፊት ነው አለችው። «እንግዲያው በደል የለብንም?» አላት። «የለባችሁም፣ አባባ።» ያን ዕለት ጠግቦ በላ። እማ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም ነበር።

ከመንደሩ በላይ ያለውን ስንጥቅ ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ይገባበታል። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ስንጥቁን ሞልቶ ተራራውን ያወርደዋልና ውጡ አለችን። አባ «የሚስቴን አስከሬን በእሳት የሸኘሁበትን ቦታ ትቼ የትም አልሄድም» አለ። አሥር ቀን ለመንኩት፣ ተጣላሁት። በመጨረሻ «እንግዲያው እኔም ፕሬሚላም ካንተ ጋር እንቀራለን» ብዬ ድንኳናችን ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባ ተነሥቶ ልጅቷን አዘለና ቁልቁለቱን ተያያዘው። ጎረቤቶቹም ጓዛቸውን እየያዙ ተከተሉት።

ተራራው በሽራዋን ወር፣ ዝናቡ በበረታበት፣ አንድ ማለዳ ወረደ። ከወንዙ ማዶ ቆመን አየነው። ማሳችን፣ የቤታችን ፍርስራሽ፣ እማን የሸኘንበት ቦታ፣ ሁሉም ሄደ። ሰው ግን አንድም አልሞተም። አባ የፕሬሚላን ራስ ደጋግሞ ዳሰሰ።

ስለዚህ ቤቱን እንደ ድሮው እሠራለሁ ያልከውን ተወው፣ ወንድሜ።

አባ ዓይኔ ሳይጠፋ ልየው ብሎሃል። ፕሬሚላ «አጎቴ ረጅም ነው አጭር?» እያለች ታደርቀኛለች፤ ጉንጭህን ስማሃለች። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዴት ነህ ይሉሃል። አብረውህ ለሚያድሩት የሀገራችን ልጆችም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ስትመጣ ከድልድዩ ሥር፣ ወንዙ ዳር ታገኘናለህ። የዳገቱን መንገድ አትያዝ፤ መሃል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

እህትህ ሱንማያ ታማንግ
ሲንዱፓልቾክ፣ ከወንዙ ዳር ሰፈር
በአገራችን አቆጣጠር ባድራ 12 ቀን 2072