ቴርሞሜትሩ አራት ይላል

አዋሽ፣ ሰኔ 4፣ ከቀኑ 6፡30

ዛሬም ፍሪጁ ውስጥ ሁለት እንቁላል። ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቀዋል። ማንም አልነካቸውም። ቴርሞሜትሩን አየሁ። ከዜሮ በላይ አራት። በአራት ዲግሪ እንቁላል ይቀዘቅዛል እንጂ አይሰነጠቅም።

አክስቴ ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ቢስሚላህ ሳልል በቀትር ፍሪጅ መክፈቴን አልወደደችውም። ቀትር የእነሱ ሰዓት ነው ትላለች፤ እነሱ እነማን እንደሆኑ ግን በስም አትጠራም። እኔን የበደለኝ ሰው ነው አልኳት። "ሰውም ቢሆን ቢስሚላህ ይፈራል" አለች።

ደብተሬ፣ ይህችን አራት ቁጥር የምናምናት እኔና አንተ ብቻ ነን። ሰመራ፣ መድኃኒት መጋዘኑ ውስጥ፣ ጠዋትና ማታ አንብቤ ጽፌያለሁ፣ ፈርሜያለሁ። መ/ቤቱ ልዩ ፍሪጅ የለውም፤ ክትባቱ ያለው እንደዚህ እንደ አክስቴ ባለ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው። አራት። አራት። አራት። ከዚያ መርማሪዎች መጡ፤ ብልቃጦቹን አወጡ፤ በረዶ መትቷቸዋል፤ ክትባቱ ተበላሽቷል። ኃላፊው "ሳታይ ነው የሞላችው" ብሎ ጻፈ። ሰኔ 18 ሄጄ ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ መልቀቂያ ይሰጠኛል። ካልፈረምኩ መልቀቂያም የለ፣ በሙያዬ መሥራትም የለ።

አይቻለሁ ግን። ወላሂ አይቻለሁ።

ሰኔ 6፣ ከቀኑ 6፡00

የበሩን ጎማ ፈተሽኩ። ወረቀት አስገብቼ ዘጋሁና ሳብኩት፤ አልለቀቀም። ጎማው ደህና ነው። ፍሪጁን ነቅዬ ከግድግዳው አራቅሁት፣ ከጀርባው ያለውን ጥቁር ፍርግርግ በብሩሽ ጠረግሁ። አቧራው እንደ ሱፍ እየተጠቀለለ ወረደ። መልሼ ሰካሁ። የቅዝቃዜ ማስተካከያውን ከአምስት ወደ ሦስት አወረድኩ።

ከተማው ዝም ብሏል። ሾፌሮቹ መኪናቸው ሥር ተኝተዋል። ውሻ እንኳ የለም። ከዚያ ከፍሪጁ ውስጥ፦ ቀጭ። አንድ ሰው ከውስጥ በጥፍሩ የመታው ያህል።

ከፈትኩ። አንድ እንቁላል። ቴርሞሜትሩ አራት።

በሩን በኃይል ዘጋሁት። በንዴት ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። በፍርሃት ነው።

ሰኔ 9፣ ከሰዓት

ፍሪጁን የሞላው የጎረቤት ውሃ ነው። በዚህ ግቢ የሚሠራው ፍሪጅ የአክስቴ ብቻ ነው። ቀትር ሲቃረብ ሁሉም ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፤ እንዳይምታታ አንገቱ ላይ የየራሱ ክር ያስራል፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ የጨርቅ ቁራጭ። አክስቴ ሰደቃ ነው ትላለች፤ ማንንም አትመልስም።

ሰዓዳ፣ የአጥር ጎረቤታችን፣ አሾፈችብኝ። "ፋርማሲስቷ ፍሪጅ ማከም ጀመረች! በይ የእኔንም ባል እይልኝ፤ እሱም ይጮሃል እንጂ አይሠራም።" ሳቅሁ። ከሰመራ ከወጣሁ ገና መሳቄ ነው።

ከኋላ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ተጣብቃ አንዲት ጠርሙስ አለች። ቀይ ክር። እስከ አንገቷ በረዶ። የማን ናት? አልኳት አክስቴን። ሰዓዳ እስክትወጣ ጠብቃ ነገረችኝ። የጋሽ መኮንን ናት፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌር። ስመለስ እጠጣታለሁ ብሎ አስቀምጧት ሄደ። ከሚሌ ማዶ መኪናው ተገለበጠ። ዓመት ሊሞላው ነው። መብራት ሲጠፋ ትቀልጣለች፣ ሲመጣ በረዶ ትሆናለች።

ለምን አትደፊያትም?

"የሰው ውሃ አይደፋም ልጄ። አደራ ነው።"

የተሰነጠቁት እንቁላሎች ሁሉ ከእሷ ጎን የነበሩ ናቸው። ዛሬ ለፍሪጁ ጀርባዬን ሰጥቼ አልተቀመጥኩም።

ሰኔ 11፣ ከቀኑ 8፡15

ተማሪ ሳለሁ የገዛሁትን ሁለተኛ ቴርሞሜትር ከሻንጣ አወጣሁ። አንዱን ፊት፣ ጠርሙሶቹ መሐል። አንዱን ኋላ፣ በእንቁላሎቹና በቀዩ ክር መካከል። ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። አክስቴ ዱዓ ታደርጋለች።

የፊተኛው፦ ከዜሮ በላይ አራት።
የኋለኛው፦ ከዜሮ በታች ሦስት።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ የመታው ውሃ ይገባል፤ ፍሪጁ እሱን ላብርድ ብሎ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ብርዱ የሚመጣው ከኋላው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውን የተጠጋው ሁሉ በረዶ ይሆናል፤ እንቁላሉም ይሰነጠቃል። ፊት ያለው ቴርሞሜትር የሚያነበው የጠርሙሶቹን ሙቀት ነው። አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም።

ሰመራም ውሃ ነበር! ቢሮው በሙሉ እዚያው ያስቀምጥ ነበር፤ ኃላፊው ብቻውን ሦስት ጠርሙስ። ብልቃጦቹ ኋላ፣ ቴርሞሜትሩ ፊት።

ጮህኩ። አክስቴ የያዛት ነገር ለቀቃት ብላ እልል አለች።

ሰኔ 12፣ ጠዋት

ትናንት አንድ ነገር ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ሰመራው ፍሪጅ ውስጥ የእኔም ጠርሙስ ነበረች። ሰማያዊ ክር።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ክትባት ካለበት ፍሪጅ ምግብም ውሃም አይገባም፤ ተፈትኜበታለሁ። ግን የሰመራ ሙቀት ነው፤ ሁሉም አስቀመጠ፣ እኔም አስቀመጥኩ። ብናገር ይኸው አመነች ይሉኛል። ብደብቅ የእነሱን በምን አፌ አወራለሁ?

አክስቴን አማከርኳት። ቲማቲም እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል፣ የራስሽን ካልተናገርሽ እነሱ ይናገሩልሻል አለች።

ሰኔ 17፣ ወደ ሰመራ ስሄድ፣ ከሚሌ እንደወጣን

ሾፌሩን የጋሽ መኮንን መኪና የተገለበጠው የት ጋ ነበር አልኩት። እጁን ከመሪው ሳያነሳ በአገጩ አሳየኝ። ባዶ ሜዳ። ውሃ ልጠጣ ክዳኑን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

ሰመራ፣ ሰኔ 18፣ ከጠዋቱ 4፡10

ኮሚቴው 4፡30 ላይ ይቀመጣል። ኃላፊው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። "ሐናን፣ አታድክሚን። ፈርመሽ ኑሮሽን ኑሪ።" መጀመሪያ ፍሪጁን ልይ አልኩ። የመጋዘን ቁልፍ ያዥዋ ፋጡማ ከፈተችልኝ።

ጠርሙስ ሞልቶታል። ፊት ያለው ቴርሞሜትር አራት ይላል። አዲስ ብልቃጦች ከኋላ ተደርድረዋል፤ ለሕፃናት የመጡ። እጄን በመካከላቸው ሰደድኩ። የሆነ ነገር ጣቶቼን ያዘ፤ እርጥብ እጄ ተጣብቆ ነው።

ሰማያዊ ክር። ድንጋይ ሆናለች።

ፋጡማ ነገረችኝ፦ ለምርመራው ቀን ሁሉንም አወጡ፣ መርማሪዎቹ ሲሄዱ መለሱ፤ የእኔንም። ሁለት ወር! ለምን አልደፋችሁትም?

"አንቺ ደግሞ! የሰው ውሃ ይደፋል?"

ድምፅዋን ቀንሳ ነው ያለችው፤ ስለ ሞተ ሰው እንደሚወራ። አንገቴ ድረስ ብርድ ወጣኝ።

አልፈርምም። ጠርሙሷንም ከቦታዋ አላነሳም። ሁሉንም እዚህ እጠራቸዋለሁ። መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ጮክ ብለው ያንብቡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ይስደዱ። ይቺ የማን ናት ሲሉ፣ የእኔ ናት እላለሁ። ቀጥዬ የቀሩትን አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ክሩን እያሳየሁ፣ ይቺስ የማን ናት? እላለሁ።