አንድ ፈር በማውጣቴ ስለ ቀረብኝ የጉዳት አበል

ለቀድሞ ሠራዊት አባላት ጉዳይ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሞጣ

ቀን፦ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ የተቋረጠው የአካል ጉዳት አበሌ እንዲመለስልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የቀድሞው አሥር አለቃ አስናቀው የሻው ነዋሪነቴ ቢቸና ዙሪያ ሲሆን፣ ወደ ክቡርነትዎ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። የፊተኞቹ ማመልከቻዎች የት እንደ ገቡ እግዜር ይወቅ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እንደገና ከመጀመሪያው ላስረዳ።

1. በ1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር ቀኝ ትከሻዬንና ወገቤን በመድፍ ፍንጣሪ ተመታሁ። የሐኪሞች ቦርድ መሥራት አይችልም ብሎ ስለ ወሰነልኝ እስከዚህ ዓመት ድረስ በጉዳት አበል ኖሬያለሁ። ቀኝ እጄ ዛሬም ሸሚዝ አይቆልፍም፤ የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ይርጋነሽ ናት። ወታደር የነበረ ሰው ይህን ሲጽፍ ደስ አይለውም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ካልተናገርኩ አልታመንም።

2. መሬቴን በደቦ የሚያርሱልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። በእኛ መንደር ታዲያ ባለማሳው የመጀመሪያዋን ፈር ሳያወጣ ሌላ ሰው ዕርፍ አይጨብጥም፤ አዝመራው ገድ አይኖረውም ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ እጄን ዕርፉ ላይ አሳርፋለሁ። ቢያድግልኝ የሚባለው ጎረቤቴ እጄን በእጁ ደርቦ ይይዛል፤ ዕርፉን የሚጫነውም በሬዎቹን የሚነዳውም እሱ ነው። አንዷ ፈር ስታልቅ እኔ ሄጄ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ።

3. ባለፈው ሚያዝያ ይህንኑ ስናደርግ፣ አበል ተቀባዮችን ለማጣራት ከእናንተ ዘንድ የተላኩ ሰዎች በመኪና ደረሱ። እኔ ሞኙ፣ እንግዳ መጣልን ብዬ፣ ኑ ጠላ ቅመሱ እያልኩ ተጣራሁ። ከመኪናቸው እንኳ ሳይወርዱ በስልክ ፎቶ አንሥተውኝ ሄዱ። በግንቦት አበሌ ቀረ። ሞጣ መጥቼ ምክንያቱን ብጠይቅ በእርሻ ሥራ ተሰማርቶ በመገኘቱ ነው ተባልኩ። ወይ ጉድ! ፎቶውንም አሳዩኝ። ከጎን ስለ ተነሣ ቢያድግልኝ በእኔ ተከልሏል፤ ብቻዬን የማርስ እመስላለሁ። እውነቱን ለመናገር አንድ አፍታ ደስ አለኝ። ጤነኛ መስዬ ራሴን ካየሁ ስንት ዘመኔ!

4. ለምልልሱ አቅም አጣሁ። ከቢቸና ሞጣ በአውቶቡስ ተጉዤ ስወርድ ወገቤ አልቃና ይለኛል፤ እንደ ምንም ስደርስ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ተመለስ እባላለሁ። ሰኞም ስብሰባ አለ። አልቆጣም፤ ቁጣም ጉልበት ይጠይቃል። ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ።

5. ከአበሉም በላይ የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይባል ነበር፤ ጎረቤቶቼ አሁን እኔን መርዳት ፈሩ። ዳግመኛ ማሳህ ላይ ብንታይ ጭራሽ ነገር እናበላሽብሃለን ብለው ቀሩ፤ ቢያድግልኝም ቀረ። ጨክነው አይደለም፣ ለእኔው ብለው ነው። ጤፍ መዝሪያው ደርሷል፤ የእኔን ማሳ ከሚያዝያ ወዲህ ማረሻ አልነካውም፣ ሣር በቅሎበታል። እንግዲህ አበልም የለ፣ ጤፍም የለ። 

ስለዚህ ክቡርነትዎ የተቋረጠው አበሌ እንዲመለስልኝ፣ ጥርጣሬ ካለም በሐኪም እንደገና እንድታይ እንዲያዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ይህ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሊያደርጉልኝ የሚችሉት አንድ ነገር አለ። አስናቀውን ብታርሱለት በእሱ ላይ ማስረጃ አይሆንበትም የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት አንዲት ደብዳቤ ለመንደሬ ሰዎች ይጻፉልኝ። አውቃቸዋለሁ፤ በማግሥቱ በሬዎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

በግራ እጄ ፈርሜ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አስናቀው የሻው
ቢቸና