ከናፍቆትህና ከቆሽቴ በስተቀር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአያ አንዳርጋቸው፤ አሰብ።

በቅድሚያ አንድ ከባድ ጉዳይ ላስታውቅህ እገደዳለሁ፦ ቀይ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል። ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው በቤቴ፣ በምስማርና በድንጋይ ሲሆን የክብር እንግዳ አልተገኘም። ቀኑን ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ታይፕ ስመታ ስለምውል ቋንቋው ተጋብቶብኛልና ይቅር በለኝ። ቀዳዳው ለምን እንዳስፈለገ ወደ ታች ታገኘዋለህ።

እንዴት ከርመሃል? የአሰብ ሐሩር እንዴት ይዞሃል፣ ወገብህስ ከዚያ የወደብ ጆንያ ጋር ታረቀ? የባለቤትህ የአበቡ ጉልበት ተሻላት? ልጆቹስ አደጉ፣ ጠገቡ፣ ተጣሉ? እኔ እንደ ወትሮው ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ ልል ነበር፤ ግን አንተን መዋሸት አይሆንልኝም። ስለዚህ ከናፍቆትህና ከቆሽቴ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ነገሩ ከመስከረም ወዲህ ነው። በልቼ ስነሣ ከእንብርቴ በላይ አንድ ነገር ይነክሰኝና ዘልቆ ጀርባዬን ይዞ ይቀራል። ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ከዚያ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቴ እትዬ እንኳየሁ አየችኝና ምነው ልጄ፣ ይህማ የወፍ በሽታ ነው ብላ ከትክል ድንጋይ ከተማ ባለመድኃኒት አስመጣች። ሴትዮዋ ክንዴን በጋለ ብረት ተኮሰችኝ። አሁን ሆዴም ክንዴም ያመኛል፤ ከዕቅድ በላይ ውጤት ተገኝቷል።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ራጅ አነሡኝ፣ ደም ቀዱኝ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ረዥም፣ ትሑት። አስቀምጦኝ ብዙ ተናገረ። ወረቀት ላይ ሆድ ሣለ፣ ከሆዱ ውስጥ ዓሣ የሚመስል ነገር ሣለ፣ የዓሣውን ራስ በእርሳስ አጠቆረው፣ ደግሞ ብዙ ተናገረ። የምታስተረጉመው ነርስ ሰምታ ሰምታ ወደ እኔ ዞረችና አይዞሽ ይላል አለችኝ። ይህ ሁሉ አይዞሽ ነው ወይ ብላት፣ እግዚአብሔር ያውቃል ይላል ብላ ጨመረችልኝ። አያ፣ ሰውዬው ከሶሻሊስት አገር የመጣ ነው፤ እግዚአብሔርን ሊመሰክርልኝ ጎንደር ድረስ አልመጣም!

ጨቅጭቄ ያገኘሁት ይህን ነው፤ ቆሽቴ ተጠርጥሯል። እኔ በዚህ አገር የሚጠረጠረው ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። በመሥሪያ ቤት ስንት ዓመት ሲያርር ኖሮ ዛሬ ገና ሐኪም አየው። ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ቀን አደንዝዘው፣ ሆዴን ከፍተው ያዩትና ቁራጭ ወስደው ለምርመራ ይልካሉ። ያዩት ነገር ግን ለእኔ አይነገርም። የሚነገረው ለአስታማሚ ነው፤ ወግ ነዋ።

ከስብሰባ ለመቅረት ፈቃድ ልጠይቅ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ወለተሩፋኤል ዘንድ ሄድኩ። ሆድሽን የምታስከፍቺው በማኅበሩ ቀን ነው እንዴ? አለችኝ። የቆሽቴ የንቃት ደረጃ ዝቅተኛ ስለሆነ ቀኑን አላማከረኝም አልኳት። አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

ታዲያ እስከዚያ ቀን እንዴት ነው የሚኖረው? እኔ አንድ ዘዴ አግኝቻለሁ። ከሥራ ስወጣ በሆስፒታሉ በር በኩል እዞርና በእግሩ የሚወጣ ሰው እስካይ እቆማለሁ። ቃሬዛ ከመጣ ፊቴን አዞራለሁ፤ አይቆጠርም። ባለፈው ሐሙስ ማንም አልወጣ አለ። ጨነቀኝና ዘበኛውን አንተስ ወደ ቤትህ አትሄድም? አልኩት። ምን አገባሽ፣ ተረኛው ሲመጣ እሄዳለሁ አለኝ። ጠበቅኩት። በእግሩ ወጣ፤ እሱን ቆጥሬ ቤቴ ገባሁ።

እናታችን የሞተች ቀን ትዝ ይልሃል? እኔን ትንሽ አሟታል ብለው ከመሥሪያ ቤት ወሰዱኝ። መንገዱን ሙሉ አጃቢዎቼ ስለ ዝናብ ያወሩኝ ነበር። አንተ ብቻ ከአጥሩ ጀርባ ወስደህ እናታችን የለችም አልከኝ። ዘመድ ሁሉ ጨካኝ አለህ። እኔ ግን ያን ቀን ሰው ያደረገኝ አንተ ብቻ ነህ። አሁንም የምፈራው ቢላዋውን አይደለም። ስነቃ አልጋዬን ከበው፣ በታኅሣሥ፣ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ሰዎች እንዳላገኝ ነው።

ለአስታማሚ ግን አታስብ፤ ተገኝቷል። አብራኝ ታይፕ የምትመታው ይርገዱ ልትቀመጥልኝ፣ የሰማችውንም ሳትሸሽግ ልትነግረኝ ምላለች። ስለዚህ የይለፍ ወረቀት ስትለምን፣ በየኬላው ስትፈተሽ፣ ለአንዲት ቆሽት ብለህ ከአሰብ ጎንደር ድረስ እንዳትመጣ።

ለአበቡ ሰላምታዬ እስከ ጉልበቷ ድረስ ይድረስ። አማትህን እግራቸውን ሳምልኝ። አስማረ በርትቶ ይማር፤ ታይፕ ግን እንዳይማር። ትንሿን አመለወርቅን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አንዱን ብቻ ከሳምክ እንደምታኮርፍ ጽፈህልኛል።

እኅትህ ወይንሸት
ጎንደር፣ ኅዳር 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

እርማት፦ ከላይ በተጻፈው ደብዳቤ አስታማሚ ተገኝቷል መባሉ ይታወሳል። ሆኖም ጓድ ይርገዱ ሐኪሙ የሚናገረው ለእሷ መሆኑን በውል በመረዳቷ፣ ፊቴ ምሥጢር አይችልም፣ አፌም ክፉ ማውራት አይችልም በማለት ዛሬ ጠዋት ከኃላፊነቷ በገዛ ፈቃዷ ተነሥታለች። ስለዚህ «ተገኝቷል» የሚለው «አልተገኘም» ተብሎ እንዲነበብ፣ «እንዳትመጣ» የሚለውም እንዲሰረዝ በትሕትና እናስታውቃለን።