ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል ለሁለት

ሰኞ፣ መጋቢት 3
ምንም አዲስ ነገር የለም። ሙሉ ቀን መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ፣ አንዱ ተጣሞብኝ ፈታሁት። ከሰዓት ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ። "እትዬ፣ አንድ ሳምንት ሄደን ባሕር አይተን እንምጣ።"
"እሺ" አለች። እሺ!
ግን የእትዬን እሺ አውቀዋለሁ… ባሏ ጋሼ ካረፈ ወዲህ ለስንቱ እሺ ብላ ቀረች? የገዛ ልጇ ምርቃት ቀን እንኳ ለባብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ከበሩ ተመለሰች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6
የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል ሁለት ዓይነት ክፍል አሳየችኝ። አንዱ ወደድ ይላል፣ ግን ቀደም ብሎ ከተሰረዘ ገንዘቡ ይመለሳል። ሌላው ርካሽ ነው፣ ከተከፈለ በኋላ ግን ሄዱም ቀሩም አይመለስም።
"ለእርስዎ የሚመለሰው ይሻላል፣ እማማ።"
እማማ? እኔን? ይሁን…
የሚመለሰውን ልል አፌን ስከፍት አንድ ነገር ውል አለኝ። የሚመለስ ከሆነማ እትዬ ትሰርዘዋለች! ማምለጫውን እኔው ከፍቼ ልስጣት? ፌስታል አጥባ የምታሰጣ ሴት ናት፤ ገንዘብ ሲባክን ከምታይ ጥርሷ ቢነቀል ትመርጣለች። የማይመለሰውን ያዝኩ።
ማታ ባለቤቴ ጮኸ። "አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? ብትታመሙስ?"
ለሱማ የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ። በሽታ ይሸፍናል፣ የሻንጣ መጥፋት ይሸፍናል…
"የእህትሽን ጠባይስ?"
ልጅቷ ነግራኛለች፣ ሐሳብ መቀየር አይሸፈንም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18
ጀመረች! "ጉልበቴን አሞኛል" አለች በስልክ።
"እትዬ፣ ገንዘቡ አይመለስም እኮ!"
"በሽታ ከሆነ ኢንሹራንሱ ይከፍላል አላልሽኝም?"
ወይ ምላሴ! ማን ንገሪያት አለኝ?
"የሐኪም ወረቀት ይፈልጋሉ።"
"አመጣለኋ!" ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።
ገንዘቡስ ይሂድ። እሷ ግን… መጋረጃው ተዘግቶ እዚያ ሳሎን ውስጥ እንደተቀመጠች ልትቀር ነው? ከእንግዲህ በምን ላወጣት?

ረቡዕ፣ መጋቢት 19
ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ጉልበቷን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ወዲያ ወዲህ አራመዳት።
"እናቴ፣ ጉልበትዎ ከመቀመጥ ብዛት ነው የደረቀው። መድኃኒቱ መራመድ ነው።"
"መሄድ አትችልም ብለው ይጻፉልኝ።"
"እየሄዱ መጥተው?"
እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። ውጭ ስንወጣ ግን ሳቄ ጠፋ። አጥሩን ተደግፋ ቆመች።
"ጋሼሽ ባሕሩን አብረን እናየዋለን ብሎኝ ነበር እኮ" አለች። "እሱ ሳያየው እኔ ብቻዬን ልይ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?"
ለካ ይሄ ኖሯል! እጇን ያዝኩ። "ለሱም እዪለት" አልኳት። ከዚያ ወዲያ የወረቀቱን ነገር ደግማ አላነሳችም…

ዓርብ፣ መጋቢት 21
ነገ ነው። ደወልኩላት፣ ደግሜ ደወልኩ። "ልብስ እያጣጠፍኩ ነው፣ ልቀቂኝ!" አለችኝ። እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25
ሆቴሉ ውስጥ ስነቃ አልጋዋ ባዶ! ተመለሰች? ሻንጣዋ ግን እዚሁ ነው።
በመስኮት አየኋት። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆማለች፣ እስከ ጉልበቷ። በአንድ እጇ ወደ ሩቅ እያመለከተች… የምታወራ ትመስላለች። ማንም አጠገቧ የለም። ለማን እንደምታሳይ አልጠይቃትም።
አሁን ደግሞ ዞራ አየችኝ። ሰፈሩን በጩኸት እያናጋችው ነው። "አንቺ! ለመተኛት ነው እንዴ ያመጣሽኝ? ነይ ውረጂ!"
መጣሁ፣ እትዬ። መጣሁ።